ለአካለ መጠን መድረስ ማለት ምን ማለት ነው?

በባላገሩ ዘንድ የሰው ልጅ እድገት በሥራ ሲለካ ኖሯል። ሕፃኑ መጀመሪያ ጥጃ ይጠብቃል፤ ጥቂት ከፍ ሲል በግና ፍየል ይሰጠዋል፤ ከዚያም ከብት ያግዳል፤ በመጨረሻም አባቱ ከበሬዎቹ ኋላ አቁሞ ዕርፉን ያስጨብጠዋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጁ ጎበዝ ሆነ ይባላል። ሴቲቱም ልጅ እንደዚሁ ውሃ ከመቅዳትና ጥጥ ከመፍተል ተነሥታ፣ ምጣድ ጥዳ እንጀራ እስክትጋግር ድረስ በየደረጃው ትሻገራለች። በከተማ የምንኖረው ደግሞ ይህን መለኪያ በሌላ ለውጠነዋል፤ የትምህርት ቤት ፈተና፣ የመታወቂያ ወረቀት፣ የመጀመሪያው ደመወዝ፣ ጋብቻ። መለኪያው ይለዋወጥ እንጂ አሳቡ አንድ ነው። ማደግ ማለት ትናንት በሌላ ሰው እጅ ይሠራልን የነበረውን ዛሬ በራሳችን እጅ መሥራት ነው እንላለን።

ነገር ግን ይህ መለኪያ በልካቸው እንዳልተሰፋ ልብስ የሚሆንባቸው ልጆች አሉ። አንዱ ዕድሜው ዐሥራ ስድስት ሆኖ፣ ድምፁ ጎርንኖ፣ ቁመቱም ከአባቱ በልጦ ሳለ፣ በአፉ የሚናገራቸው ቃላት በጣት የሚቈጠሩ ናቸው። ሌላዪቱ የአገሪቱን ወንዞች ከነገባሮቻቸው በቃሏ ትዘረዝራለች፤ ነገር ግን ሰው በቀልድ የተናገረውን እንደ እውነት ተቀብላ ስታዝን ትውላለች። ሦስተኛው የሒሳብ ትምህርቱን ከክፍል ጓደኞቹ ሁሉ ቀድሞ ይጨርሳል፤ ደወል በተደወለ ቍጥር ግን ሁለት ጆሮውን ይዞ ከግድግዳ ሥር ይቀመጣል። እነዚህ ወጣቶች ኦቲዝም የተባለው የአእምሮ አፈጣጠር ያላቸው ናቸው። አካላቸው ጊዜውን ጠብቆ ያድጋል፤ የቀረው ግን በራሱ መንገድና በራሱ ሰዓት ይሄዳል። እንግዲህ እነዚህን ምን እንበላቸው? ልጆች ናቸውን ወይስ ዐዋቂዎች? ጥያቄው የሕክምና ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሐኪሞች በተውነው ነበር። ዳሩ ግን አንድን ሰው ዐዋቂ ነህ ወይም አይደለህም ብሎ መፍረድ የምግባር ነገር ነው፤ ፈራጆቹም እኛው ነን፤ ወላጆች፣ መምህራን፣ ሹማምንትና ጎረቤቶች።

አስቀድመን ስለ ነገሩ ምንነት ጥቂት እንናገር። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ኦቲዝም የሚለው ስም «ራስ» ከሚል የግሪክ ቃል የወጣ ነው። በ1943 በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ ይሠሩ የነበሩት የሕፃናት አእምሮ ሐኪም ዶክተር ሊዮ ካነር የ11 ልጆችን ጠባይ መርምረው፣ ነገሩ ለብቻው ሊታወቅ የሚገባው መሆኑን ጻፉ። በተከታዩ ዓመት በቪየና ዶክተር ሐንስ አስፐርገር ይህን የሚመስል ጽሑፍ አወጡ። ከዚያ ወዲህ የተደረገው ምርምር ካስተማረን ዋና ነገር አንዱ፣ ኦቲዝም እንደ ቀስተ ደመና ብዙ ኅብር ያለው መሆኑ ነው። አንዱ ፈጽሞ አይናገርም፤ ሌላው የዩኒቨርሲቲ መምህር ይሆናል። ሆኖም የሚያመሳስላቸው ጠባይ አለ። ከሰው ጋር በተለመደው መንገድ መግባባት አይቀላቸውም፤ የለመዱት ሥርዓት ሲለወጥ ይጨነቃሉ፤ አንድን ነገር ሲወዱ በሙሉ ልባቸው ይወዳሉ፤ ድምፅ፣ ብርሃን፣ ሽታና ንክኪ ለብዙዎቹ ከመጠን በላይ ይበረታባቸዋል። የዓለም የጤና ድርጅት ግምት በ2021 ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንደ ነበረው ያመለክታል። ይህ የሚያስረዳው ነገሩ የጥቂት ቤቶች ምሥጢር ሳይሆን በየሰፈሩ ያለ መሆኑን ነው።

ምክንያቱን በተመለከተ የሰው ልጅ ቶሎ የሚሮጠው ወደ ወቀሳ ነው። በምዕራቡ ዓለም በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓመታት ብዙ ሊቃውንት ነገሩን ፍቅር ነሥታ ባሳደገች እናት ላይ ያላክኩ ነበር። ራሳቸው ኦቲዝም ያለው ልጅ አባት የነበሩት የሥነ ልቡና ሊቅ በርናርድ ሪምላንድ በ1964 ባወጡት መጽሐፍ ይህን አሳብ ተቃወሙ፤ ዛሬም አሳቡ ሐሰት መሆኑ ታውቋል። ኦቲዝም ከአንጎል አመሠራረት የሚነሣ፣ የዘር ውርስም ትልቅ ድርሻ ያለው ነው። በእኛ አገር ደግሞ ያው ወቀሳ ሌላ ልብስ ለብሶ ይመጣል። ርግማን ነው፣ ልክፍት ነው፣ የወላጅ ኃጢአት ነው ይባላል፤ ወላጆችም ሰው እንዳያይባቸው ልጁን በጓዳ ይሸሽጉታል። ወቀሳው በአንዱ አገር በሳይንስ ስም፣ በሌላው አገር በልማድ ስም ይነገር እንጂ ፍሬው አንድ ነው፤ እናቲቱ ታፍራለች፤ ልጁም ፀሐይ ሳያይ ያድጋል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚረሳው ግን ኦቲዝም የልጅነት ነገር ብቻ አለመሆኑ ነው። ልጁ ሲያድግ አብሮት ያድጋል። ጕርምስና ለማንም ልጅ የለውጥ ዘመን ነው፤ ለውጥን እንደ ትልቅ መከራ ለሚቈጥር ልጅ ግን ለውጡ በገዛ አካሉ ውስጥ የሚነሣበት፣ ሸሽቶም የማያመልጠው ዘመን ነው። ድምፁ አንድ ቀን የሌላ ሰው ድምፅ ይሆንበታል፤ በፊቱም ላይ ጠጕር ይበቅላል። ለሴቲቱ ልጅ ስለ ወር አበባ አስቀድሞ በሥዕልና በቀላል ቃል ካልተነገራት፣ ደሙን ባየች ጊዜ የቈሰለች ይመስላታል። ከአካል ለውጥ ይልቅ የሚከፋው ደግሞ የሰው ዓይን መለወጥ ነው። የአራት ዓመት ሕፃን በታክሲ ውስጥ የማያውቃትን ሴት ጠጕር ቢነካ ተሳፋሪው ሁሉ ይሥቃል። ያው ልጅ በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ያንኑ ቢያደርግ ይሰደባል፣ ይመታል፣ ምናልባትም ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይወሰዳል። ልጁ የሚያደርገው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ዓለሙ ነው፤ ዓለሙ መለወጡን ግን ማንም አልነገረውም። ስለዚህ ትምህርቱ ጢሙ ካበቀለ በኋላ ሳይሆን ዐሥር ወይም ዐሥራ አንድ ዓመት ሲሆነው፣ በቀስታና በመደጋገም መጀመር ይገባዋል።

ለዚህ ነገር የገዛ ቋንቋችን ጥሩ ምስክር ነው። አማርኛ ሰውን እንደ ዕድሜውና እንደ ማዕርጉ «አንተ»፣ «አንቱ»፣ «እርስዎ» እያለ ይለያል። ኦቲዝም ያለው ሰው ግን ሠላሳ ዓመት ቢሞላው እንኳ «ማሙሽ» እየተባለ የሚኖርበት ቤት ጥቂት አይደለም። እንግዳ ሲመጣ፣ ሰውዬው በፊቱ ተቀምጦ ሳለ፣ እናቱን «ምን ይበላል? ይሰማል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ በክፋት የሚደረግ አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ከርኅራኄ የሚመጣ ነው። ዳሩ ግን መናገር የተሳነው ሁሉ መስማት አልተሳነውም። በፊቱ እንደሌለ ሆኖ የሚነገርለት ሰው፣ እያደር እርሱም ራሱን እንደሌለ አድርጎ ቢቈጥር ምን ያስደንቃል?

በዚህ ዕድሜ ላይ ቤተሰብም ኅብረተሰብም በሁለት ስሕተት መካከል ይወዛወዛሉ። የመጀመሪያው ስሕተት ልጁን ለዘለዓለም ልጅ አድርጎ መጠበቅ ነው። እናቲቱ ታጐርሰዋለች፣ ታለብሰዋለች፣ የሚለብሰውንም ቀለም ትመርጥለታለች። ይህን የምታደርገው ከፍቅር ነው፤ ደግሞም እርሷ ብትሠራው በአምስት ደቂቃ የሚያልቀው ነገር እርሱ ሲሠራው ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ሁለተኛው ስሕተት የዚህ ተቃራኒ ነው። «ዐሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶታል፣ እንግዲህ ራሱን ይቻል» ብሎ እስከ ዛሬ የተደገፈበትን ምርኩዝ ሁሉ በአንድ ቀን መንጠቅ ነው። ትምህርት ቤቱ ያሰናብተዋል፤ የሕፃናት ሐኪሙ የአንተ ዕድሜ ከእኔ ዘንድ አልፏል ይለዋል፤ የዐዋቂዎቹም ሐኪም እንዲህ ያለ ሰው አላጋጠመኝም ይለዋል። የመጀመሪያው ስሕተት ሰውየውን እንደ ሕፃን ያስቀረዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ በማያውቀው ወንዝ ላይ ያለ ድልድይ ይተወዋል።

ሁለቱም ስሕተቶች ከአንድ ሥር የበቀሉ ይመስሉናል። ይኸውም ዐዋቂነት ማለት የማንንም እርዳታ አለመሻት ነው የሚለው እምነት ነው። የመጀመሪያዪቱ ቤት «እርዳታ ይሻልና ዐዋቂ አይደለም» ትላለች፤ ሁለተኛዪቱ ደግሞ «ዐዋቂ ነውና እርዳታ አይሻም» ትላለች። ነገር ግን እስቲ ራሳችንን እንመርምር። ከመካከላችን ያለ ሰው እርዳታ የሚኖር ማን ነው? ገበሬው አዝመራው ሲደርስበት ደቦ ይጠራል፤ ሹሙ ያለ ጸሐፊው የቀጠሮውን ቀን አያውቅም፤ ሊቁ ያለ መነጽሩ አያነብም፤ ሽማግሌው ያለ ምርኩዙ ከደጅ አይወጣም፤ ሁላችንም ሞት በመጣብን ጊዜ ድንኳኑንና ቀባሪውን የምናገኘው ከዕድር ነው። መነጽር ያደረገን ሰው ሕፃን ነው የሚለው የለም። እንግዲያስ እርዳታ መሻት የዐዋቂነት ተቃራኒ ሊሆን አይችልም።

ታዲያ የዐዋቂነት ምልክቱ ምንድን ነው? በእኛ አሳብ ሰው ዐዋቂ የሚባለው ስለ ራሱ ኑሮ የሚፈቅደውና የማይፈቅደው ነገር በሌሎች ዘንድ ሲቈጠርለት ነው። ሕፃን የሚፈልገውን ያለቅሳል፤ የሚወስነው ግን ሌላ ነው። ዐዋቂ የሚፈልገውን ይናገራል፤ ቃሉም ከውሳኔው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ኦቲዝም ያለውን ወጣት ወደ ዐዋቂነት ማድረስ ማለት እርዳታውን መቀነስ ብቻ ሳይሆን የእርዳታውን ዓይነት መለወጥ ነው። ቀድሞ ስለ እርሱ እንወስን ነበር፤ አሁን ግን እርሱ እንዲወስን እንረዳዋለን። ቀድሞ ከፊቱ እየቀደምን እንመራው ነበር፤ አሁን ከጎኑ እንሄዳለን።

በዚህ ላይ የሚነሣ ከባድ ተቃውሞ አለ፤ ልናልፈውም አይገባንም። አንድ አባት እንዲህ ሊለን ይችላል፦ «የእናንተ ነገር በወረቀት ላይ ያማረ ነው። የእኔ ልጅ ግን መኪና ሲመጣ አያይም፤ ገንዘብ አይለይም፤ የጠራውን ሁሉ ይከተላል። ፈቃዱን ልከተል ብል አንድ ቀን ሬሳውን አመጣለሁ።» ይህ ፍርሃት እውነተኛ ነው፤ የወላጅን ፍርሃት የሚንቅ ሰው ስለ ልጆች ባይናገር ይሻላል። መልሳችን ይህ ነው። ፈቃድ እንደ ጡንቻ በመሥራት የሚጠነክር ነገር ነው። ማንም ልጅ በመጀመሪያው ቀን ዕርፍ አልጨበጠም፤ ከጥጃ ጀምሯል። እንዲሁም ኦቲዝም ያለው ወጣት ከትንሽ ምርጫ ይጀምር። ከሁለት ሸሚዝ አንዱን፣ ከሁለት ምግብ አንዱን፣ ከዚያም ከሁለት ሥራ አንዱን ይምረጥ። መናገር ካልቻለ ሥዕል እናቅርብለትና ይጠቁም። ወደ ሱቅ የሚሄድበትን መንገድ በመጀመሪያ እጁን ይዘን፣ ቀጥሎ ጎን ለጎን፣ ከዚያም ሃያ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርተን፣ በመጨረሻም ከደጅ ቆመን እያየን እናስተምረው። ይህ ዓመት ይፈጅ ይሆናል፤ ሦስት ዓመትም ይፈጅ ይሆናል። የማይቻልበት ጊዜም አለ፤ መንገዱን ለብቻው መሻገር የማይሆንለት ሰው ሁልጊዜ አብሮት የሚሻገር ሰው ሊኖረው ይገባል። ነገር ግን ወዴት እንደሚሄዱ የሚመርጠው እርሱ ሊሆን ይችላል።

ከዚህም ሌላ ጥበቃ ራሱ ፈቃድን ይፈልጋል። እኛ ኢትዮጵያውያን ታዛዥ ልጅን እናመሰግናለን፤ «እሺ» ማለትን ከሁሉ አስቀድመን እናስተምራለን። ለታላቅ መታዘዝ መልካም ምግባር ነው። ዳሩ ግን «እሺ» ማለትን ብቻ የተማረ፣ ያዘዘውን ሁሉ እንዲፈጽም የሠለጠነ ወጣት፣ ክፉ ሰው በጨለማ ቢያዘውም «እሺ» ይላል። ሰውነቱን ማን ሊነካ እንደሚገባና እንደማይገባ ያልተነገረው፣ «እምቢ» ማለት ያልተፈቀደለት ልጅ፣ ለግፍ የተጋለጠ ነው። ስለዚህ የልጁ «እምቢታ» በቤት ውስጥ አንዳንድ ጊዜ መከበር አለበት። እናቱ ልትስመው ስትል ፊቱን ቢያዞር፣ እምቢታውን መቀበሏ እርሱን በውጭ ከሚያገኘው ክፉ ሰው ለመጠበቅ የመጀመሪያው ትምህርት ነው።

ይህ አሳብ በሥራ ሲተረጐም ምን እንደሚመስል የሚያሳይ አንድ እውነተኛ ታሪክ እናቅርብ። ዶክተር ካነር በ1943 ከጻፉላቸው 11 ልጆች የመጀመሪያው፣ በአሜሪካ በሚሲሲፒ ግዛት ፎረስት በምትባል ትንሽ ከተማ በ1933 የተወለደው ዶናልድ ትሪፕሌት ነበር። በ1937 ወላጆቹ በሐኪሞች ምክር ከቤት አውጥተው ልጆች ወደሚጠበቁበት ተቋም አስገቡት፤ ልጁ በዚያ እየደነዘዘ ስለ ሄደ በሚቀጥለው ዓመት መልሰው አወጡት። ቈይተውም ከከተማው ጥቂት ማይል ርቀው ይኖሩ ከነበሩ ልጅ ያልነበራቸው ባልና ሚስት ገበሬዎች ዘንድ አስቀመጡት። ዶክተር ካነር በ1945 ወደዚያ ሄደው ያዩትን በ1971 ባወጡት ጽሑፍ ተርከውታል። ልጁ ነገርን ሁሉ መለካት ይወድ ነበርና ገበሬዎቹ ጕድጓድ እንዲቈፍርና ጥልቀቱን እንዲነግራቸው አደረጉት። የሞቱ ወፎችና ትንኞች መሰብሰብ ይወድ ነበርና የመቃብር ቦታ ሰጡት። የበቈሎውን መስመር መላልሶ መቍጠር አልተው ቢላቸው፣ እያረሰ እንዲቈጥር ፈረስና ማረሻ ሰጡት። ዶክተሩ በጎበኙት ቀን ልጁ ስድስት ረጃጅም ትልም አርሶ፣ ፈረሱንም በሚገባ እያዞረ አሳያቸው።

እነዚያ ገበሬዎች የአእምሮ ሕክምና የተማሩ አልነበሩም። ያደረጉት ነገር ግን ብዙ ባለሙያ ያልደረሰበት ነው። የልጁን ጠባይ እንደ ቈሻሻ ጠርገው ሊጥሉት አልሞከሩም፤ እንዳሻውም ይሁን ብለው አልተዉትም። ለጠባዩ ሥራ ፈለጉለት። ልጁ ወደ ከተማው ተመልሶ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨረሰ፤ በ1958 ከኮሌጅ ተመረቀ፤ የእናቱ ቤተሰብ ባቋቋመው ባንክ ተቀጠረ። ከዚህ በኋላ አንተ ብለን ልንጽፍላቸው አይገባንም። አቶ ዶናልድ በ27 ዓመታቸው መኪና መንዳት ተማሩ፤ ጎልፍ ተጫወቱ፤ ለብቻቸው ብዙ አገሮችን ጎበኙ። እናታቸው ካረፉ በኋላም ከሠላሳ ዓመት በላይ በቤታቸው ኖረው በ2023 በ89 ዓመታቸው ዐረፉ። የቤተሰባቸው ሀብት እንደረዳቸው አይካድም። ነገር ግን ከዚያው ከ11 ልጆች መካከል በመንግሥት የአእምሮ ሕሙማን ተቋም የተዘጉት፣ ዶክተር ካነር እንደ መሰከሩት፣ የነበራቸውን ተስፋ ሁሉ በዚያ አጡ። ስድስት ትልም እንዲያርስ ለአንድ ልጅ ማረሻ መስጠት ደግሞ ብዙ ሀብት የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

መምህራንም ከዚህ የሚመሳሰል ምሳሌ አላቸው። በ1947 የተወለዱት አሜሪካዊት ቴምፕል ግራንዲን በወጣትነታቸው በአክስታቸው የከብት እርባታ ቦታ ሳሉ፣ ለክትባት በጠባብ ማቆሚያ ውስጥ በሁለት ወገን የተያዙ ከብቶች ጸጥ እንደሚሉ አዩ። እርሳቸውም ጭንቀታቸውን ለማብረድ ለራሳቸው እንዲህ ያለ መሣሪያ ሠሩ። በትምህርት ቤታቸው ብዙዎች ይህን እንደ እብደት ቈጥረው ሊከለክሏቸው ሲሹ፣ ዊሊያም ካርሎክ የተባሉት የሳይንስ መምህራቸው ግን «ለምን ጸጥ እንደሚያደርግ በሳይንስ መርምሪ» በሚል መንፈስ ወደ መጻሕፍት መሯቸው። ያቺ ተማሪ ቈይታ በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሳይንስ ፕሮፌሰር ሆነች። ሁሉም እንዲህ ይሆናል አንልም፤ ፕሮፌሰር ያልሆነውም ወጣት ክብሩ አያንስም። የምንለው፣ መምህሩ የተማሪውን ግትርነት እንደ ግንብ ሳይሆን እንደ በር ሊያየው ይችላል ነው።

ሕግስ ምን ይላል? በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ዐሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው ለአካለ መጠን የደረሰ ነው ይላል። ያው ሕግ አእምሮው የጐደለን ሰው፣ ጤናውና ጥቅሙ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ፍርድ ቤት ሊከለክለውና ሞግዚት ሊያቆምለት እንደሚችል ይደነግጋል። ይህ ለጥበቃ የታሰበ ነው። ነገር ግን የተከለከለ ሰው ፈቃዱ በሕግ ፊት በሌላ ሰው ፈቃድ ይተካል። በ2006 የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት አጸደቁ፤ አገራችንም በ2010 ተቀበለችው። የዚህ ስምምነት 12ኛ አንቀጽ ሰዎቹ በሕግ ፊት ከሌላው ጋር እኩል ችሎታ እንዳላቸው ተናግሮ፣ በችሎታቸው ለመሥራት የሚያስፈልጋቸውን ድጋፍ መንግሥታት እንዲያቀርቡ ያዝዛል። እንደ ገና ያው ልዩነት ነው፤ ስለ እርሱ መወሰን አንድ ነገር ነው፤ እንዲወስን መርዳት ሌላ ነገር ነው። በ2008 የወጣውም የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቍጥር 568 የአካል ጉዳተኛ ሲል የአእምሮ ጉዳትንም ይጨምራል፤ አሠሪው ለሠራተኛው የሚስማማ የሥራ ሁኔታ እንዲያዘጋጅም ያስገድዳል። ለዊልቼር መወጣጫ መሥራት ለብዙ ሹማምንት ይገባቸዋል። ትእዛዝን በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ መስጠት፣ ከጫጫታ የራቀ ጠረጴዛ ማዘጋጀት፣ የሥራው ተራ ሲለወጥ አስቀድሞ መንገር፣ እነዚህም የዚያ መወጣጫ ወንድሞች መሆናቸው ግን ገና አልታወቀም።

በአገራችን ይህን ሸክም አስቀድመው የተሸከሙት እናቶች ናቸው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለው ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ባጡ ጊዜ፣ በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል አቋቋሙ፤ በፊደላችን ድምፅ ላይ የተመሠረተ አቡጊዳ ፎኔቲክስ የሚባል የንግግር ማስተማሪያም አዘጋጁ። ከእርሳቸው በኋላም ሌሎች እናቶች ተነሥተዋል። ሆኖም ልጆቹ ያድጋሉ፤ ሕፃናትን ለማስተማር የተሠራ ክፍል ለሃያ ዓመት ሰው አይበቃም። በእነዚህ ወላጆች ልብ ውስጥ ሌሊት የሚመላለሰው ጥያቄ አንድ ነው፤ «እኔ ስሞት ማን ይይዘዋል?» አንዳንዶችም ልጃቸውን ቀብረው በማግሥቱ ሊሞቱ ይመኛሉ። ወላጅ ከልጁ በፊት መሞትን የሚፈራበት አገር፣ ለዚያ ልጅ ቦታ ያላዘጋጀ አገር ነው።

ለዚህ ጥያቄ አንድ ሰው ብቻውን መልስ ሊሆን አይችልም። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለዋል። አቶ ዶናልድን እናታቸው ካረፉ በኋላ ያኖራቸው የታወቁበት ከተማ ነው፤ ባንኩ፣ የጎልፍ ሜዳው፣ ሰላምታውን የለመደላቸው ጎረቤት ናቸው። ዕድርና ማኅበር፣ ደቦና ጽዋ ላለን ሕዝብ ይህ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም። የዕድሩ ሰዎች ወጣቱን በስሙ ይወቁት፤ ድንኳን ሲተከል ካስማ ይያዝ፤ ወንበር ይቍጠር። ባለ ሱቁ የሚገዛውን ነገር ይወቅለት። መምህሩ ተማሪው ከትምህርት ቤት ከሚወጣበት ቀን ሦስት ወይም አራት ዓመት ቀድሞ፣ ከዚያ በኋላ የት እንደሚውል ከወላጁና ከራሱ ከተማሪው ጋር ይማከር። ሹሙ በመሥሪያ ቤቱ አንድ የሥራ ቦታ ይፈልግ፤ መዝገብ ማደራጀት፣ መጻሕፍት በተራ ማስቀመጥ፣ ችግኝ መኰትኰት፣ ጽሑፍን ከስሕተት ማረም፣ ጥንቃቄንና ሥርዓትን ለሚወድ አእምሮ የሚስማማ ሥራ ሞልቷል። ተማሪዎችም በዕረፍት ሰዓት ብቻውን የሚቆመውን የክፍል ጓደኛቸውን ጠጋ ብለው፣ የሚወደውን ነገር ይጠይቁት፤ ሁለተኛ ሳይጠየቁም ብዙ ይሰማሉ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ዛሬ፣ ያለ በጀትና ያለ ደብዳቤ፣ በየቤታችን ሊጀመር የሚችል አንድ ነገር አለ። ዐሥራ ስምንት ዓመት ለሞላው ወይም ለሚሞላው ለዚህ ወጣት፣ ለእናቱ ሳይሆን ለእርሱ ለራሱ፣ ስለ ራሱ ኑሮ አንድ ጥያቄ እናቅርብለት። በቃል፣ በሥዕል ወይም በምልክት ይሁን፤ ስሙንም እንደ ሰው ስም እንጥራው። መልሱ እንደ እኛ መልስ ፈጥኖ አይመጣ ይሆናል። አንድ ደቂቃ ሊዘገይ ይችላል፤ አንድ ቀንም ሊዘገይ ይችላል። በዚያ ዝምታ መካከል እኛ ስለ እርሱ እንዳንመልስለት፣ ከንፈራችንን ዘግተን እንጠብቀው።